ብርበራ፣ ምርመራና ተጠርጣሪን መለየት፦ ሕገ መንግሥቱ ለፖሊስ ያሰመረው ወሰን

ወንጀልን መከላከልና ወንጀል የፈጸመን ሰው ለፍርድ ማቅረብ ከመንግሥት ቀዳሚ ኃላፊነቶች አንዱ ነው። ይህን ኃላፊነት ለመወጣት ለፖሊስ ከባድ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ፖሊስ ሰውን ይይዛል፣ ቤት ይበረብራል፣ ተጠርጣሪን ይጠይቃል፣ ምስክር ተጠርጣሪውን እንዲለይ ያደርጋል። እነዚህ ተግባራት ባይኖሩ የወንጀል ምርመራ የሚባል ሥራ ሊኖር አይችልም። በሌላ በኩል ግን እነዚሁ ተግባራት የሰውን ነጻነት፣ የቤቱን ክብርና የአካሉን ደኅንነት በቀጥታ የሚነኩ በመሆናቸው፣ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዳቸው ወሰን አበጅቷል።

ይህ ወሰን አንዳንድ ጊዜ ወንጀለኛን የሚጠቅም፣ የመርማሪን እጅ የሚያስር ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። የድንጋጌዎቹ ይዘትና አፈጻጸም በጥሞና ሲመረመር የሚገኘው እውነታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የገደቦቹ ዋነኛ ፋይዳ ንጹሕ ሰው በስሕተት እንዳይቀጣ፣ እውነተኛው አጥፊም በሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። በብርበራ፣ በምርመራ ወይም በመለየት ሂደት ላይ የተፈጸመ ጥፋት በኋላ በችሎት በሚቀርብ ክርክር ሊታረም የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ስለሆነም ሥራው በሕግ መሠረት መከናወን የሚኖርበት ገና ከጅምሩ ነው።

የድንጋጌዎቹ ታሪካዊ መነሻ

በአገራችን ወንጀል የፈጸመን ሰው ለይቶ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ ያለው ነው። በቀደመው ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት፣ ማን እንደፈጸመው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲያጋጥም የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ እንዲቆይ ይደረግ ነበር። አጥፊው ሳይታወቅ ከቀረም ነዋሪው በጋራ ካሣ እንዲከፍል የሚደረግበት ሁኔታ ነበር። ሌባ ሻይ በሚባለው ሌላ ልማድ ደግሞ የሚያደነዝዝ መጠጥ የተሰጠው ልጅ እንዲሮጥ ይለቀቅና ደክሞ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር።

እነዚህ ሥርዓቶች የኅብረተሰቡን ሰላም ለማስጠበቅ የታሰቡ ቢሆኑም፣ በአንድ ሰው ላይ የሚያርፈው ጥርጣሬ በምን ማስረጃ እንደተደገፈ የሚጣራበት መንገድ አልነበራቸውም። ዘመናዊው ሕግ ያመጣው ዐቢይ ለውጥም ጥርጣሬ በምክንያት እንዲደገፍ፣ ምክንያቱም ከመርማሪው ውጪ በሆነ አካል እንዲመዘን ማድረጉ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባው በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕግ ከሚፈቅደው ሁኔታ በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበርና የሚጻጻፈውም ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ከሕግ ውጪ የሚደረግ ብርበራን ከመከልከሉም በላይ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚያዝ ድንጋጌ አካቷል። ከዚያም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የአፈጻጸሙን ዝርዝር አስቀመጠ።

ይሁን እንጂ የድንጋጌዎች መኖር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ታሪክ አሳይቷል። በደርግ ዘመን፣ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በርካታ ዜጎች ከቤታቸው የተወሰዱበትና ለከፍተኛ ጉዳት የተዳረጉበት ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለሰብዓዊ መብቶች ሰፊ ምዕራፍ የሰጠው ይህን መሰሉን ያለፈ ታሪክ ከግምት በማስገባት ነው።

ብርበራ፦ ትዕዛዙ ከፍርድ ቤት፣ ወሰኑ ከትዕዛዙ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር፣ እንዲሁም በግል ይዞታ ያለን ንብረት ከመያዝ የሚጠብቅ ነው። በዚሁ አንቀጽ መሠረት በፖስታ የሚላኩ ደብዳቤዎች፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች አይደፈሩም። ገደብ ሊጣልባቸው የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ያውም የአገርን ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልን፣ ጤናን፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚነሳው የመጀመሪያ ነጥብ ቤት ለመበርበር የሚያስፈልገው ፈቃድ የሚመነጨው ከፍርድ ቤት መሆኑ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 ፖሊስ የመበርበሪያ ትዕዛዝ ሳይይዝ ቤት እንዳይበረብር ከልክሎ፣ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ አስቀምጧል። አንደኛው ፖሊስ አጥፊውን እግር በእግር እየተከታተለ ሳለ አጥፊው ወደ አንድ ቤት የገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ በዚያ ቤት የጣለ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ሥፍራ ስለመደበቁ በቂ ጥርጣሬ ሲኖርና ትዕዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት ሲገኝ ነው። በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ የወንጀሉ ክብደት፣ የጥርጣሬው ምክንያትና የጊዜው አስቸኳይነት በአንድነት መሟላት ይኖርባቸዋል። የአንዱ መኖር የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም።

ሁለተኛው ነጥብ ትዕዛዙ ራሱ ወሰን ያለው መሆኑ ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ የሚሰጠው ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ሲያምንበት ሲሆን፣ በትዕዛዙ ላይ የሚፈለገው ንብረት ተለይቶ መገለጽ አለበት። ፖሊስ በትዕዛዙ ላይ ከተገለጸው ውጪ ሌላ ንብረት መያዝ አይችልም። ለአብነት ያህል፣ ትዕዛዙ ተሰርቋል የተባለን ቴሌቪዥን ለመፈለግ የተሰጠ ከሆነ የቤቱን ባለቤት ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ሰብስቦ መውሰድ የትዕዛዙን ወሰን ማለፍ ይሆናል። ትዕዛዝ የተጻፈው ለአንድ ቤት ሆኖ ሳለ የጎረቤትን በር ማንኳኳትም በትዕዛዝ የተደገፈ ብርበራ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ የአፈጻጸሙ ሥርዓት ነው። ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የተያዘው ንብረት በዝርዝር ይመዘገባል፤ ዝርዝሩም በተቻለ መጠን በገለልተኛ ሰው ተረጋግጦ ይፈረማል። ቤቱ ተዘግቶ መግባት ከተከለከለ ፖሊስ ተመጣጣኝ ኃይል ሊጠቀም ይችላል። የተያዘን ሰው ሰውነት መፈተሽ የሚቻለው ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዟል ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ነው፤ ፈታሹም ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን ይገባዋል።

የገለልተኛው ሰው ፊርማ ቀላል የወረቀት ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ተከሳሹ በችሎት ቀርቦ “ዕቃው ከቤቴ አልተገኘም፣ ፖሊስ ራሱ ያመጣው ነው” ብሎ ሲከራከር፣ ፖሊስን ከዚህ ክስ የሚያድነው ይኸው በቦታውና በሰዓቱ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው። ስለዚህም ድንጋጌው የቤቱን ባለቤት ከሐሰት ውንጀላ ሲጠብቅ፣ መርማሪውንም ከጥርጣሬ ነጻ ያደርጋል።

መያዝና አርባ ስምንቱ ሰዓታት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ነጻነቱን እንደማያጣ ይገልጻል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ፖሊስ በተወሰነው ጊዜ ሳያቀርበው ከቀረ፣ የተያዘው ሰው አካሉን ነጻ እንዲያወጣለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት አለው።

ፖሊስ ምርመራውን ያልጨረሰ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቅድ ይችላል። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት አንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ሕገ መንግሥቱ በበኩሉ ተጨማሪው ጊዜ ለምርመራው በጥብቅ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆን፣ ፍርድ ቤቱም የተያዘው ሰው የተፋጠነ ፍትሕ የማግኘት መብቱ መጠበቁን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ስለሆነም የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄ ሲቀርብ ባለፉት ቀናት ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ በዝርዝር ማስረዳት የፖሊስ ግዴታ ይሆናል። “ምርመራው አልተጠናቀቀም” የሚል አጠቃላይ መልስ የድንጋጌውን ዓላማ አያሟላም።

የ48 ሰዓቱ ገደብ ከምርመራ ጋር ያለው ቁርኝት ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። ተጠርጣሪ በግዳጅ ቃል እንዲሰጥ ለሚደረግ ጫና ይበልጥ የሚጋለጠው ከውጭው ዓለም ተለይቶ በሚቆይባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ዳኛው ተጠርጣሪውን በአካል የሚያይበት፣ ተጠርጣሪውም ስለ አያያዙ የሚናገርበት ዕድል በቶሎ መፈጠሩ ድብደባና ማስፈራሪያ እንዳይኖር ከሚያደርጉ ዋስትናዎች አንዱ ነው።

ምርመራ፦ ዝም የማለት መብትና የእምነት ቃል

በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው። የሚሰጠው ማንኛውም ቃል በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል።

እነዚህ መብቶች በኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደሉም። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ለተጠርጣሪው መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው እንዲነገረው፣ የሰጠው ቃል እንዲጻፍና ቋንቋውን በሚገባ የማያውቅ ከሆነም ብቁ አስተርጓሚ እንዲመደብለት አድርጓል። አንቀጽ 31 መርማሪ ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት፣ ተስፋ በመስጠት ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ እንዳይጠቀም ይከለክላል። በመሆኑም የተከለከለው ዱላ ብቻ አይደለም። “ካመንክ ዛሬውኑ እንለቅሃለን” ወይም “ካላመንሽ ባለቤትሽም ይታሰራል” ማለት በዚሁ ክልከላ ሥር የሚወድቅ ነው።

የእምነት ቃል ለፍርድ ቤት በሚሰጥበት ጊዜም ተጨማሪ ጥንቃቄ ተደርጓል። በአንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤቱ ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ሰውየው በገዛ ፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥና ይህንኑ በመዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ዳኛው “በፈቃድህ ነው?” ብሎ መጠየቁ ብቻ በቂ የማይሆንበት ሁኔታ እንዳለ ግን መታወስ ይኖርበታል። ተጠርጣሪው ከችሎት ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ጣቢያ፣ ወደዚያው መርማሪ እንደሆነ ካመነ እውነቱን ለመናገር ሊፈራ ይችላል።

የጠበቃ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 ተይዞ የሚገኝ ሰው ጠበቃውን ወዲያውኑ እንዲያስጠራና እንዲያነጋግር ፈቅዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋር ሲነጻጸር፣ ተጠርጣሪን ለቀናት ከሰው ሳያገናኙ ይዞ ቃል መቀበል የሚደገፍበት የሕግ መሠረት የለም።

የግዳጅ ምርመራ ያስከተለው ዋጋ ለአገራችን የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። በተለምዶ “ማዕከላዊ” እየተባለ ይጠራ የነበረው የምርመራ ማዕከል በተጠርጣሪዎች ላይ ይፈጸም በነበረው ድርጊት ሳቢያ ለዓመታት ሲወቀስ ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰጡት ማብራሪያ፣ በእስር ቤቶች ሰዎችን ማሰቃየት ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው ድርጊት እንደነበር ገልጸዋል። ሕጉ ክልከላውን ሲደነግግ የኖረ መሆኑ ሲታሰብ፣ ጉድለቱ የነበረው በድንጋጌው ሳይሆን በአፈጻጸሙ እንደነበር መገንዘብ አያዳግትም።

ተጠርጣሪን መለየት፦ ዝርዝር ደንብ የሚያሻው መስክ

ወንጀሉን የፈጸመውን ሰው አይቻለሁ የሚል ምስክር ሲኖር ፖሊስ ተጠርጣሪውን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፎ ምስክሩ እንዲመርጥ ያደርጋል። ይህ አሠራር በፖሊስ ጣቢያዎች የተለመደና ብዙ ጊዜም ውጤቱ ለክሱ ወሳኝ የሚሆን ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ስለ ብርበራና ስለ ቃል አቀባበል ያስቀመጠውን ያህል ዝርዝር ደንብ ስለዚህ ሂደት አላስቀመጠም። በመሆኑም የሂደቱ ትክክለኛነት የሚለካው በሕገ መንግሥቱ አጠቃላይ መርሆዎች፣ በተለይም ተከሳሹ እንደ ንጹሕ በመቆጠር መብቱና የቀረበበትን ምስክር በመጠየቅ መብቱ ይሆናል። እነዚህ መብቶች በአንቀጽ 20 የሰፈሩ ናቸው።

በዚህ መስክ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 በወሰነው የዌድ ጉዳይ፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላ በሚደረግ የመለየት ሰልፍ ላይ ተከሳሹ ጠበቃው እንዲገኝለት መብት እንዳለው አረጋግጧል። ምክንያቱም በሰልፉ ላይ የተፈጸመ ስሕተት በኋላ በችሎት በሚቀርብ መስቀለኛ ጥያቄ ብቻ ሊጋለጥ አለመቻሉ ነው። ምስክሩ አንድ ጊዜ “ይህ ነው” ካለ በኋላ ቀድሞ በዓይኑ ያየውን ፊትና በጣቢያው የመረጠውን ፊት መነጣጠል ያዳግተዋል፤ በሙሉ እምነት ሲመሰክርም እየዋሸ አይደለም።

ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 በቢገርስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የምስክርን መለየት ለመመዘን አምስት መለኪያዎችን ዘርዝሯል። እነርሱም ምስክሩ በወንጀሉ ጊዜ አጥፊውን ለማየት የነበረው ዕድል፣ የሰጠው ትኩረት፣ አስቀድሞ የሰጠው መግለጫ ትክክለኛነት፣ ሲመርጥ ያሳየው እርግጠኛነትና በወንጀሉና በምርጫው መካከል ያለፈው ጊዜ ናቸው። ከዚህ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶች በተለይ የምስክሩ እርግጠኛነት ብቻውን አስተማማኝ መለኪያ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በዚያች አገር በዲኤንኤ ምርመራ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠላቸው ፍርደኞች ከግማሽ በሚበልጡት ጉዳይ ውስጥ የዓይን ምስክር ስሕተት መኖሩም ተረጋግጧል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቅሙ ጥንቃቄዎችን ማውጣት ይቻላል። ምስክሩ ወደ ሰልፉ ከመቅረቡ በፊት ያየውን ሰው መልክ፣ ቁመትና አለባበስ በዝርዝር እንዲናገርና እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በሰልፉ ላይ የሚቆሙት ሌሎች ሰዎች በዕድሜ፣ በቁመትና በመልክ ከተጠርጣሪው ጋር የሚቀራረቡ ሊሆኑ ይገባል። ምስክሩ ረጅምና ጢማም ሰው አይቻለሁ ብሎ ሳለ በሰልፉ ውስጥ ጢማሙ ተጠርጣሪው ብቻ ከሆነ ምርጫው ምርጫ አይባልም። ምስክሩ ተጠርጣሪውን አስቀድሞ በካቴና ታስሮ በጣቢያው ግቢ እንዳያየው፣ ምስክሮች ከአንድ በላይ ሲሆኑም እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ጥንቃቄ ያሻል። ፈላጊው ሰው በሰልፉ ውስጥ ላይኖር እንደሚችል ለምስክሩ መንገር፣ ሰልፉንም ማን ተጠርጣሪ እንደሆነ በማያውቅ ባልደረባ ማስመራት ስሕተትን እንደሚቀንሱ ከሚታመንባቸው ዘዴዎች መካከል ናቸው። የሂደቱ ቃለ ጉባኤም የተሰለፉትን ሰዎች ብዛትና የምስክሩን ቃል እንዳለ መያዝ ይኖርበታል።

ከተጠርጣሪው አካል የሚወሰድ ናሙና ከዚህ የተለየ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በተመዘገበ ሐኪም የአካልና የደም ምርመራ እንዲደረግ ለመጠየቅ ፈቅዷል። ይህም ቢሆን በሐኪም የሚከናወን፣ ውጤቱም በጽሑፍ የሚቀርብ ሥራ እንጂ ለመርማሪው የተተወ አይደለም።

ወሰኑ ሲጣስ የሚከተለው ውጤት

የመጀመሪያው ውጤት በማስረጃው ላይ የሚደርስ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በማያሻማ ቋንቋ ደንግጓል። ይህ ማለት መርማሪው በኃይል ያገኘው ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ለክሱ የማይጠቅም ይሆናል። ያለ ትዕዛዝ በተደረገ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን ሕገ መንግሥቱ ያን ያህል ግልጽ የሆነ ንዑስ አንቀጽ አልያዘም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በማፕ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክልል ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ የከለከለ ሲሆን፣ በአገራችን ክርክሩ ሲነሳ መነሻ የሚሆነው ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም አሠራር ተፈጻሚነት እንደሌለው የሚገልጸው አንቀጽ 9 ነው። ያም ሆነ ይህ፣ በሥነ ሥርዓት የተገኘ ማስረጃ ከዚህ ዓይነቱ ክርክር ነጻ ነው።

ሁለተኛው ውጤት በፈጻሚው ላይ የሚደርስ የወንጀል ተጠያቂነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጪ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። አንቀጽ 424 ደግሞ ቃል ወይም እምነት ለማግኘት ሲል በተጠርጣሪ ላይ የማስፈራራት፣ የመደብደብ ወይም የማሰቃየት ድርጊት የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ድርጊቱ በባለሥልጣን ትዕዛዝ የተፈጸመ ሲሆን ትዕዛዝ ሰጪው እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ከፈጻሚው ይልቅ አዛዡን አክብዶ የሚቀጣ መሆኑ ለኃላፊዎች ትልቅ መልእክት አለው።

ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሊታገድ አይችልም። በአንቀጽ 93 መሠረት አዋጁ አንዳንድ መብቶችን ሊገድብ ቢችልም ይህ ድንጋጌ ሊነኩ ከማይችሉት መካከል ተቆጥሯል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ማሰቃየትን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ጦርነትም ሆነ ሌላ የአደጋ ጊዜ ለማሰቃየት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይገልጻል።

ከባድ ወንጀሎችን ለመከላከል ሲባል ጠበቅ ያሉ ሕጎች ሲወጡም የገደቡ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ድንገተኛና ስውር ብርበራን የፈቀደ፣ የምርመራ ቀጠሮውንም በጠቅላላው እስከ አራት ወር ያደረሰ ነበር። አዋጁ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። የዚህ ሂደት ትምህርት የምርመራ ሥልጣን በሰፋ ቁጥር የቁጥጥሩ ሥርዓትም አብሮ ካልጠነከረ ሕዝብ በሕግ ላይ ያለው አመኔታ የሚሸረሸር መሆኑ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ድርሻ

ከላይ የተዘረዘሩት ድንጋጌዎች የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 በየደረጃው የሚገኙ የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ሁሉ የመብት ድንጋጌዎቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የአንድ ወረዳ ወይም ቀበሌ አስተዳዳሪ የሚጽፈው ደብዳቤ የፍርድ ቤትን የመበርበሪያ ትዕዛዝ ሊተካ አይችልም። አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሲጠፋበት ጥበቃዎቹን አሰልፎ “እስክታምኑ አትወጡም” ማለት አይችልም፤ ይህን ማድረግ ከአውጫጭኝ ዘመን አሠራር ብዙም አይርቅም። መርማሪ ፖሊስ “ቶሎ ውጤት አምጣ” የሚል ግፊት ከአለቃው ሲደርስበትም ግፊቱ በተጠርጣሪው ላይ እንደሚያርፍ መታወቅ አለበት።

የሥራ ኃላፊዎች ሊያደርጉት የሚገባው አስተዋጽኦም ግልጽ ነው። የምርመራ ክፍል ሥራ የሚመዘነው በተገኘው የእምነት ቃል ብዛት ሳይሆን ችሎት ፊት በጸና የማስረጃ ጥራት እንዲሆን ማድረግ፣ የፎረንሲክ ምርመራ አቅምን ማጎልበት፣ አስተርጓሚ በሚያስፈልግባቸው አካባቢዎች አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ በሌሊትና በበዓላት ቀን ትዕዛዝ የሚሰጥ ተረኛ ዳኛ የሚገኝበትን መንገድ ከፍርድ ቤቶች ጋር ማመቻቸት ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። ዳኛ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ “ትዕዛዝ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም” የሚለው ምክንያት እየጠበበ ይሄዳል።

በኅብረተሰባችን “በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል” የሚለው አባባል ሰው በሕግ ስም ሲጠራ ባለበት እንዲቆም የሚያዝ ነው። ጥሪው የሚያቆመው ግን የሚሸሸውን ብቻ አይደለም፤ የሚያሳድደውንም በሕጉ ፊት ያቆማል። ዜጋው በሩን ለፖሊስ የሚከፍተው፣ ምስክሩ ያየውን ለመናገር የሚደፍረው፣ ተፈራጁም ውሳኔውን አምኖ የሚቀበለው ሥልጣን የያዘው አካል ራሱ ለሕግ መቆሙን ሲያይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በብርበራ፣ በምርመራና በመለየት ሂደት ላይ ያኖራቸው ገደቦች መከበራቸውም ለዚህ አመኔታ መሠረት ይሆናል።